የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ያተርፋል ወይስ ይከስራል? መልሱ እንደ ሰፈሩበት ቁና ነው

በኮለምበስ ከተማ የሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ100,000 በላይ ሰው ይይዛል። በመስከረምና በጥቅምት ቅዳሜዎች የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በሜዳው ሲጫወት መቀመጫው ጢም ብሎ ይሞላል፤ ጨዋታው በአገሪቱ ትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይተላለፋል፤ የቡድኑ ምልክት ያረፈበትን ካናቴራ ከሕፃን እስከ አያት ይለብሰዋል። የስፖርት መምሪያው በ2024 የበጀት ዓመት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አስገብቷል። ሂሳቡ ሲዘጋ ግን ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት ተገኘበት። ከምክንያቶቹ አንዱ ቡድኑ በሜዳው ያደረጋቸው ጨዋታዎች ካለፈው ዓመት 8 ወደ 6 መውረዳቸው ነበር። በሁለት ቅዳሜ ልዩነት የሚናጋ የሩብ ቢሊዮን ዶላር በጀት ማለት ነው።

ይህን ያህል አስገብቶ የሚጎድልበት መምሪያ መኖሩ፣ የኮሌጅ ስፖርት ያተርፋል ወይስ ይከስራል የሚለውን ጥያቄ በአንድ ቃል ለመመለስ አስቸጋሪ ያደርገዋል። አንዱ ወገን የቴሌቪዥኑን ቢሊዮን፣ የአሰልጣኞቹን ደመወዝና የስታዲየሞቹን ግዝፈት አይቶ ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ይገባል ይላል። ሌላው ወገን የዩኒቨርሲቲዎቹን የሂሳብ ሪፖርት ገልጦ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይከስራሉ ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው። ልዩነቱ የሚመጣው የትኛውን ዩኒቨርሲቲ እንደምንመለከት፣ ገንዘቡን በየትኛው ቁና እንደምንሰፍርና ከማን ኪስ የወጣውን ገንዘብ «ገቢ» ብለን እንደምንመዘግብ ነው። ልጁን ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የላከ ወይም ሊልክ ያሰበ ኢትዮጵያዊ ወላጅም ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ሳያውቀው ከከፋዮቹ አንዱ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ «እግር ኳስ» የሚለውም በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካውን እግር ኳስ ነው።)

የኮሌጅ ስፖርትን በዋናነት የሚያስተዳድረው በ1906 የተመሠረተው፣ በምህጻሩ ኤንሲኤኤ የሚባለው ብሔራዊ ማኅበር ነው። በሥሩ ያሉት ወደ 1,100 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች በሦስት ዲቪዚዮን ይመደባሉ። ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው በአንደኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ካሉት ከ350 በላይ ተቋማት መካከል የተወሰኑት ናቸው፤ ከእነዚህም ወደ 130 የሚሆኑት በከፍተኛው የእግር ኳስ ምድብ ይጫወታሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ትልልቅ የቴሌቪዥን ውል ባላቸው ኃያላን ኮንፈረንሶች (እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩ ትምህርት ቤቶች ስብስቦች) ታቅፈዋል። ሰው «የኮሌጅ ስፖርት» ሲል በአእምሮው የሚመጣለት ይህ የመጨረሻው ቡድን ነው። ከጠቅላላው ሲታይ ግን እጅግ ትንሽ ክፍል ነው፤ ብዙው አለመግባባትም የሚጀምረው ጥቂቶቹን አይቶ ስለሁሉም ከመናገር ነው።

ማኅበሩ ራሱ ስለ 2019 ያወጣው አኃዝ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። ያ ዓመት ኮሮና የሁሉንም ሂሳብ ከማዛባቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ሙሉ ዓመት ስለሆነ ለማነጻጸር ይመቻል። የሁሉም አባል ትምህርት ቤቶች የስፖርት ገቢ ተደምሮ 18.9 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በራሱ ካመነጨው ገቢ ወጪውን ሸፍኖ ትርፍ ያስቀረው መምሪያ ግን 25 ብቻ ነበር። 25ቱም ከኃያላኑ ኮንፈረንሶች ናቸው። ከትንሽ እስከ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው የእነዚህ አትራፊዎች ትርፍ 7.9 ሚሊዮን ዶላር ነው። በእነዚያው ኮንፈረንሶች ውስጥ ያሉት የቀሩት 40 ትምህርት ቤቶች መካከለኛ ጉድለት ወደ 16 ሚሊዮን፣ በከፍተኛው ምድብ ሆነው ከኃያላኑ ውጭ ያሉት ደግሞ ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ በታች ባሉት የአንደኛ ዲቪዚዮን ተቋማት፣ የእግር ኳስ ቡድን ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም፣ ጉድለቱ በ14 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይገኛል።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። ትልቁ ጉድለት ያለው ከሁሉም ትንሽ በሆኑት ዘንድ አይደለም፤ ከላይኛው ማዕድ ለመቀመጥ በሚጣጣሩት በመካከለኞቹ ዘንድ ነው። እነዚህ ትልልቅ ስታዲየም ይገነባሉ፣ አሰልጣኝ ይቀጥራሉ፣ በአውሮፕላን ይጓዛሉ፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ግን ወደ እነርሱ የሚደርሰው ተንጠባጥቦ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እስከ 1984 ድረስ የእግር ኳስ ጨዋታዎችን የቴሌቪዥን መብት በብቸኝነት የሚቆጣጠረው ማኅበሩ ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ባቀረበው ክስ፣ ይህ አሠራር የነጻ ውድድር ሕግን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ኮንፈረንሶች በየራሳቸው ይዋዋሉ ጀመር። ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ በ2022 ከሦስት የቴሌቪዥን ድርጅቶች ጋር የፈረመው የ7 ዓመት ውል ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ለነባር አባላቱ ለእያንዳንዳቸው በዓመት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከፋፍሏል። ለማኅበሩ የቀረለት ትልቁ የገቢ ምንጭ በየዓመቱ በመጋቢት የሚካሄደው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ውድድር ነው፤ በ2016 የተራዘመው ውል እስከ 2032 ለ8 ዓመታት 8.8 ቢሊዮን ዶላር ያስገኛል። የእግር ኳሱ የመጨረሻ ዙር ውድድር ግን የማኅበሩ አይደለም፤ ኮንፈረንሶቹ ራሳቸው ያስተዳድሩታል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ወደ ራሳቸው ይመለሳል። አንዱ ውል ለብዙዎች ሲከፋፈል ሌላው ለጥቂቶች የሚሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

ከቴሌቪዥን ቀጥሎ ያለው ትልቁ ምንጭ ትኬትና ልገሳ ነው። ልገሳው ንጹሕ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ስታዲየሞች ጥሩ ወንበር ለመግዛት መብት የሚያገኘው አስቀድሞ ለስፖርት መምሪያው የለገሰ ሰው ነው። የዚህ ዓይነቱ ልገሳ 80 በመቶ ያህሉ እስከ 2017 መጨረሻ ከግብር ተቀናሽ ይደረግ ነበር። ይህም ማለት ጨዋታ አይቶ የማያውቅ ግብር ከፋይ የወንበሩን ዋጋ በተዘዋዋሪ ይካፈል ነበር ማለት ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የግብር ሕግ ይህን አስቀረው።

አሁን ወደ ኦሃዮ ስቴት ጥያቄ እንመለስ፤ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስገባ መምሪያ ለምን አያተርፍም? ዋናው ምክንያት የተቋሙ ባሕርይ ነው። የንግድ ድርጅት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ትርፌ የታለ ይላል። የስፖርት መምሪያ ግን በዚህ ረገድ ከእድር ጋር ይመሳሰላል፤ ትርፍ የሚካፈል ባለአክሲዮን የለውም፣ የገባው ገንዘብ ሁሉ ለታቀደለት ዓላማ እንዲውል ይጠበቃል። እድር ገንዘብ ሲተርፈው ድንኳን ይገዛል፣ ወንበርና ድስት ይጨምራል። የስፖርት መምሪያም እንዲሁ ነው፤ ዓላማው ማሸነፍ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ዶላር ሲገባ ይበልጥ ለማሸነፍ ይወጣል። ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ አዲስ የልምምድ አዳራሽ ከሠራ የእኛም መሠራት አለበት ይባላል። ሁለቱም ከገነቡ በኋላ ማንም ከማንም አልበለጠም፤ ወጪው ግን በሁለቱም በኩል ጸንቶ ይቀራል።

ለረጅም ጊዜ ይህ እሽቅድምድም በጣም የታየው በአሰልጣኞች ክፍያ ነበር፤ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ መክፈል ስለተከለከለ፣ ለእነርሱ ሊከፈል ይችል የነበረው ገንዘብ በሌላ በር ይወጣ ነበር። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ከርቢ ስማርት በ2024 የተሻሻለው ውላቸው በዓመት 13 ሚሊዮን ዶላር ያስገኝላቸዋል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በኅዳር 2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ውሉን ለማፍረስ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተገድዷል። ላለመሥራት የሚከፈል ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለው ወጪ በሂሳብ መዝገብ ላይ ሰፍሮ መምሪያው ከሰረ ሲባል፣ ኪሳራው እንደ ድርቅ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሰው ውሳኔ የመጣ ነው። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ዓመት ውስጥ ያከማቸው የስፖርት ጉድለት ከ200 ሚሊዮን ዶላር አልፏል፤ በ2024 ወደ ቢግ ቴን የተዛወረበት አንዱ ምክንያትም የቴሌቪዥኑ ድርሻ ነበር።

እስካሁን ያየነው በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ነው። መዝገቡ ራሱ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ግን ከሁሉም የከበደ፣ ለእኔም ከሁሉም የሚያስደንቅ ክፍል ነው።

ስኮላርሺፕን እንመልከት። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ግዛት የመጣን ተማሪ በዓመት 50,000 ዶላር የሚያስከፍል ነው እንበል። ለአንድ ተጫዋች ሙሉ ስኮላርሺፕ ሲሰጠው የስፖርት መምሪያው 50,000 ዶላር ወጪ ብሎ ይመዘግባል፤ ገንዘቡም ለዩኒቨርሲቲው ይተላለፋል። ከቀኝ ኪስ ወጥቶ ወደ ግራ ኪስ ገባ እንጂ ከኮቱ አልወጣም። ዩኒቨርሲቲው ለዚያ ተጫዋች በእርግጥ የሚያወጣው ምን ያህል ነው? ክፍሉ ውስጥ ባዶ ወንበር ከነበረ መምህሩ ያው መምህር፣ መብራቱም ያው መብራት ነው፤ ተጨማሪው ወጪ ምግቡ፣ መጽሐፉና ጥቂት ሌላ ነገር ብቻ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ሙሉ ከሆነና ተጫዋቹ የገባው 50,000 ዶላር ሊከፍል በነበረ ሌላ ተማሪ ቦታ ከሆነ ግን ወጪው እውነተኛ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስኮላርሺፕ፣ ተማሪ በጠፋበት ኮሌጅ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ኪሳራ፣ አመልካች በሚጋፋበት ኮሌጅ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ የሚታይ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ሁለቱን አይለይም።

በተቃራኒው፣ በመዝገቡ ላይ የማይታይ ወጪም አለ። የስታዲየሙ የግንባታ ብድር በዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ ዕዳ ውስጥ ተቀላቅሎ ሊቀመጥ ይችላል። የሕግ ባለሙያው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የጽዳትና የጥገና ክፍሉ ለስፖርቱ የሚሰጡት አገልግሎት በአንዱ ተቋም ለስፖርት መምሪያው ይቆጠርበታል፣ በሌላው አይቆጠርም። የካናቴራና የአርማ ሽያጭ ገቢም እንዲሁ አንዱ ዘንድ ወደ ስፖርት፣ ሌላው ዘንድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ማዕከላዊ ካዝና ይገባል። የሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን ጉድለት ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህኛው ከዚያኛው ይሻላል ማለት አስቸጋሪ የሆነውም ለዚህ ነው።

የዚህን ጭቅጭቅ ክብደት በርሚንግሃም የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያሳየናል። ዩኒቨርሲቲው በታኅሣሥ 2014 የእግር ኳስ ቡድኑን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ያስጠናው ጥናት ቡድኑን ተወዳዳሪ አድርጎ ለማቆየት በ5 ዓመት ውስጥ ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ያስፈልጋል የሚል ነበር። ተጫዋቾች አለቀሱ፣ ከተማው ተቆጣ፣ ደጋፊዎች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከወራት በኋላ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች ያንኑ መዝገብ እንደገና ሲመረምሩ፣ ስኮላርሺፑ በዩኒቨርሲቲው ትክክለኛ ወጪ ከተሰላና ለስፖርቱ የሚገባው ገቢ ሁሉ ከተቆጠረለት ቡድኑ ዩኒቨርሲቲውን እንደማያከስር ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው በሰኔ 2015 ውሳኔውን ሻረ፤ ቡድኑ በ2017 ወደ ሜዳ ተመለሰ። በመሃል የተቀየረው የደጋፊዎቹ ልገሳ ብቻ ሳይሆን የሰፋሪው ቁናም ነው።

ነገር ግን ሂሳቡ በምንም ቁና ቢሰፈር የማይካድ አንድ ገንዘብ አለ፤ እርሱም ተማሪዎች የሚከፍሉት የስፖርት ክፍያ ነው። በራሳቸው ገቢ የማይቆሙት መምሪያዎች ጉድለታቸውን የሚሞሉት በሁለት መንገድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከአጠቃላይ በጀቱ ይደጉማቸዋል፣ ወይም በእያንዳንዱ ተማሪ ላይ ክፍያ ይጣላል። ይህ ሁሉ ከገባ በኋላ ሪፖርቱ ገቢና ወጪ እኩል ሆኑ ይላል። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን በጀታችን ሚዛኑን ጠብቋል ሲል ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሚዛኑን የጠበቀው በማን ገንዘብ ነው?

ቨርጂኒያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በሃሪሰንበርግ የሚገኘው ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከፌርፋክስ አካባቢ ብዙ ተማሪ የሚሄድበት ትምህርት ቤት፣ ከእያንዳንዱ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለስፖርት በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ሲያስከፍል ቆይቷል። ይህ በ4 ዓመት ከ8,000 ዶላር ያልፋል፤ በብድር ለሚማር ልጅ ደግሞ ወለድ ይታከልበታል። ተማሪው ኳስ ቢወድም ባይወድም፣ ከሥራ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሥራ ሲሮጥ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያይ ቢመረቅም ይከፍላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እዚህ ግን ሎሚው ለ20,000 ያህል ሰው ስለተከፋፈለ ብዙዎቹ መሸከማቸውን እንኳ አያውቁም።

የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ2015 ይህን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ከስፖርት በጀት ውስጥ በተማሪ ክፍያና በትምህርት ቤቱ ድጎማ ሊሸፈን የሚችለው ድርሻ፣ በኃያላን ኮንፈረንሶች ውስጥ ላሉት እስከ 20 በመቶ፣ በከፍተኛው የእግር ኳስ ምድብ ላሉ ሌሎች እስከ 55 በመቶ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ባለው ምድብ እስከ 70 በመቶ፣ እንደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድን ሳይኖራቸው በአንደኛው ዲቪዚዮን ለሚወዳደሩት ደግሞ እስከ 78 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ሕጉ ትምህርት ቤቶች ወደ ላይኛው ምድብ ከመሸጋገራቸው በፊት የገንዘብ ዕቅዳቸው በክልሉ አካል እንዲመረመርም ያዝዛል። መልካም ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ቁጥሮቹን እንደገና እናንብባቸው፤ ለመቆጣጠር የወጣ ሕግ ከስፖርቱ ወጪ ሦስት አራተኛ በላይ የሆነውን ተማሪውና ትምህርት ቤቱ እንዲሸከሙ ይፈቅዳል። ገደቡ ይህን ያህል ከሆነ፣ ስፖርቱ በራሱ ገቢ አይቆምም የሚለውን ግዛቱ ራሱ አስቀድሞ ተቀብሎታል ማለት ነው።

አነስተኛ ትምህርት ቤቶች ሌላም የገቢ መንገድ አላቸው፤ ለመሸነፍ ይጓዛሉ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትንሹን በሜዳው ለማስተናገድ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ ትንሹ ተደብድቦ ቼኩን ይዞ ይመለሳል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በመስከረም 2007 ለትንሹ አፓላቺያን ስቴት 400,000 ዶላር ከፍሎ ጋብዞት 34 ለ32 ተሸንፏል። ያ ቀን እስከ ዛሬ የሚወራው ብርቅ ስለሆነ ነው። ዛሬ የዚህ ዓይነቱ ክፍያ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ የተጫዋቾቹ ጉዳት ግን በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም።

እስካሁን ከተባለው የሚለይ፣ በጋዜጣ ብዙ የማይወራለት ዓለም ደግሞ አለ። በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወቱት ከ400 በላይ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ትኬታቸውም ርካሽ ወይም ነጻ ነው፤ የቴሌቪዥን ውል የላቸውም። በተለመደው ሂሳብ ስፖርታቸው ወጪ ብቻ ነው። ታዲያ ብዙዎቹ ስፖርት ከመቀነስ ይልቅ ለምን ይጨምራሉ? ምክንያቱ ተጫዋቹ ራሱ ከፋይ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ እግር ኳስ ጀምሮ 100 ተጫዋቾች ቢመለምልና እያንዳንዱ ከልዩ ልዩ ቅናሽ በኋላ 20,000 ዶላር ቢከፍል 2 ሚሊዮን ዶላር ይገባል። አሰልጣኞች፣ ትጥቅና ጉዞ ከዚህ ግማሹን ቢወስዱ እንኳ ቀሪው ኮሌጁን ያቆማል፤ ይህ ግን የሚሠራው ተጫዋቾቹ ያለ ቡድኑ ወደዚያ ኮሌጅ የማይመጡ ከነበረ ብቻ ነው። በሚሺጋን ያለው ኤድሪያን ኮሌጅ ከ2005 ጀምሮ ይህን መንገድ ይዞ፣ ከ1,000 በታች የነበረውን የተማሪ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,500 በላይ አድርሶታል። ስለዚህ አንድም ትኬት የማይሸጥ የዋና ቡድን ለኮሌጁ ሲያተርፍ፣ 60,000 ሰው ፊት የሚጫወት ቡድን ሊያከስር ይችላል። ይህ መንገድም ወሰን አለው፤ ጎረቤት ኮሌጆች ሁሉ ያንኑ ካደረጉ ከተወሰነው ወጣት መሻማት ብቻ ይቀራል።

ስፖርት ለዩኒቨርሲቲው ስም ያመጣል፣ ስሙም አመልካች ይስባል የሚለው ክርክር ከዚህ ጋር ይዛመዳል። በኅዳር 1984 የቦስተን ኮሌጁ ዳግ ፍሉቲ በመጨረሻዋ ሰከንድ በወረወራት ኳስ ማያሚን ካሸነፈ በኋላ የኮሌጁ አመልካቾች ቁጥር ስለጨመረ፣ ክስተቱ በእርሱ ስም መጠራት ጀመረ። ጭማሪው ግን ከኳሷም በፊት የተጀመረ ነበር። ዴቪን ፖፕና ጃረን ፖፕ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2009 ባወጡት ጥናት በእግር ኳስ ከ20ዎቹ፣ በቅርጫት ኳስ ከ16ቱ ምርጥ ቡድኖች ተርታ መግባት አመልካቾችን ከ2 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አግኝተዋል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከምርጥ 20 ውስጥ መግባት የሚችሉት 20 ብቻ ናቸው፤ ገንዘቡን የሚያፈሱት ግን ከመቶ በላይ ናቸው።

ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ የሆነው ነገር ያለው ግን ከእግር ኳሱ ይልቅ በመሮጫው ሜዳ ላይ ነው። በአሜሪካ ካደጉ የኢትዮጵያ ልጆች መካከል በአገር አቋራጭና በረጅም ርቀት ሩጫ የኮሌጅ ዕድል ያገኙ አሉ። ሩጫ በኮሌጅ ገቢ አያመጣም። በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የሚኖረው እግር ኳሱና የወንዶች ቅርጫት ኳሱ ከሚያስገቡት ተቆርሶ ነው፤ በትንንሾቹ ደግሞ በተማሪ ክፍያ። በ1972 የወጣውና በትምህርት ተቋማት የጾታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የሴቶች ቡድኖች ድርሻ እንዲያገኙ በማድረጉ፣ በሂሳብ ብቻ ቢታይ ኪሳራ የሚባለው ብዙው ገንዘብ ለሴት ልጆች የተከፈተ የትምህርት በር ነው። አንድ የሩጫ ቡድን ከሰረ ማለት ቤተ መጻሕፍት ከሰረ እንደማለት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አለ፤ እኔም ከእርሱ ወገን ነኝ። ልዩነቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከላይ ሆኖ የሚያሠጋው የ13 ሚሊዮን ዶላር አሰልጣኝ አለመኖሩ ነው።

ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነኩት እነዚህ ቡድኖች ናቸው። በ2020 ኮሮና ገቢን ሲያደርቅ ስታንፎርድ 11 ስፖርቶችን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በተቃውሞ ብዛት በ2021 ውሳኔውን ሻረ። ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በሚኒሶታ ደግሞ የክልሉ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች አትሌቲክስን ከሌሎች ጋር ለመሰረዝ አቅዶ፣ በመጨረሻ የውጭ ሜዳውን ውድድር አስቀርቶ የቤት ውስጡን ዘጋ። ሁለቱም ዓመታዊ በጀታቸው ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆኑ መምሪያዎች ነበሩ።

አሁን ሂሳቡ ሁሉ እንደ አዲስ እየተጻፈ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 በሙሉ ድምፅ በማኅበሩ ላይ ከወሰነ በኋላና በዚያው ዓመት ሐምሌ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ከተፈቀደላቸው በኋላ፣ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በሰኔ 6 ቀን 2025 ተጫዋቾች በማኅበሩ ላይ ያቀረቡትን ክስ የሚቋጭ አንድ ትልቅ የስምምነት ፍርድ አጸደቁ። በዚህ መሠረት ለቀድሞ ተጫዋቾች በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ይከፈላል፤ ትምህርት ቤቶችም በ2025/26 የውድድር ዘመን ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያካፍሉ ተፈቀደላቸው፤ ጣሪያውም በየዓመቱ ከፍ ይላል። ለዓመታት በነጻ ሲሠሩ ለነበሩት ወጣቶች ፍትሕ ነው። የ2.8 ቢሊዮኑ ትልቁ ድርሻ ግን የሚሰበሰበው ማኅበሩ ለአንደኛ ዲቪዚዮን ትምህርት ቤቶች ከሚያከፋፍለው ላይ ተቀንሶ ሲሆን፣ ከካሳው ብዙም የማይደርሳቸው፣ የእግር ኳስ ቡድን እንኳ የሌላቸው ተቋማትም ይቀነስባቸዋል። ብዙዎቹ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች አዲሱን የ20.5 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ በግምት 75 በመቶውን ለእግር ኳስ፣ 15 በመቶውን ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 በመቶውን ለሴቶች ቅርጫት ኳስ ያውሉታል። የቀረችው 5 በመቶ ለሌሎቹ ሁሉ ናት።

ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነስቶ በምትኩ የቡድን አባላት ብዛት ተወስኗል። ቀድሞ በአንደኛው ዲቪዚዮን የወንዶች ሩጫና አትሌቲክስ በጠቅላላው 12.6 ስኮላርሺፕ ተከፋፍሎ ይሰጥ ነበር፤ አሁን በአገር አቋራጭ እስከ 17፣ በአትሌቲክስ እስከ 45 ላሉ አባላት ሁሉ ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይፈቀዳል። መፈቀዱና ገንዘቡ መገኘቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ከ17 ውጭ የሆነችው 18ኛዋ ሯጭ ቀድሞ በራሷ ወጪም ቢሆን ከቡድኑ ጋር ትለማመድ ነበር፣ አሁን ቦታ የላትም። በየስፖርት መምሪያው ያሉ የሂሳብ ሰዎች 20.5 ሚሊዮኑን ከየት እንደሚያመጡ እያሰሉ ሲሆን፣ ከሚያነሷቸው አማራጮች መካከል የትኬት ዋጋ መጨመር፣ ከባለሀብቶች መበደር፣ የተማሪ ክፍያ ከፍ ማድረግና ገቢ የማያመጡ ቡድኖችን መቀነስ ይገኙበታል።